ግምጃ ቤት መግቢያ ላይ አልጠፋ ያለው ፓውዛ

ዓርብ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ባሕር ዳር

የሰፈሩ ውሾች ጩኸታቸውን ሳይጨርሱ መኪናዋን ከግቢ አወጣኋት። ባለቤቴ ጥሩዬ የሙሽራውን ሱፍ በፌስታል ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣለች። ከኋላ ሽንኩርት በጆንያ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ የላስቲክ ሳህንና ብርጭቆ፣ ለአማቴ የገዛነው ወፍራም ጋቢ አለ። የጥሩዬ ታናሽ ወንድም ደሳለው እሑድ ይዳራል። ጉዟችን ወደ አዊ ነው፤ ዳንግላን አልፈን፣ እንጅባራን አልፈን፣ ግምጃ ቤት ከተማ አጠገብ ወዳለው የጥሩዬ መንደር።

የዚህ ገጽ ደንበኞች አሮጊቷን ላንድክሩዘሬን ታውቋታላችሁ። ባለፈው ሰሞን ፓራውልቷ፣ የፊት መከላከያዋ፣ ላይ ሁለት ክብ ፓውዛ ገጥሜ ፎቶውን አሳይቻችሁ ነበር። “ማን ገጠመልህ?” ስትሉኝ “ራሴ!” አልኋችሁ፣ ደረቴን ነፍቼ። “ሪሌ አስገብተህበታል?” ብሎ ስለ ማብሪያው አጋዥ ዕቃ ለጠየቀኝ አንድ አንባቢ ደግሞ “ከባትሪ ወደ ማብሪያ፣ ከማብሪያ ወደ መብራት። ሌላው ትርፍ ድካም ነው” ብዬ መለስሁለት። ያን መልስ ብዙ ሰው ወደደልኝ። እኔም ወደድሁት።

ከከተማው ሳንወጣ ጥሩዬ፣ “ዛሬ በየመንገዱ እየቆምህ ፎቶ ስታነሣ እንዳታስመሸን” አለችኝ።

“ፀሐይ ሳትወጣ ስለ ማምሸት ታወሪያለሽ?”

“አውቅሃለኋ።”

መራዊ ስንደርስ ፀሐይዋ በግራ በኩል ብቅ አለች። መንገዱ ዳር የባሕር ዛፍ አጣና ተከምሯል፤ ገበሬዎች ቀንበር ተሸክመው በሬዎቻቸውን ወደ ማሳ ይነዳሉ። የግንቦት ዝናብ ገና መጀመሩ ነው፤ የታረሰው መሬት ጠቁሮ፣ ያልታረሰው አረንጓዴ መነጸር እንደተደረገበት ሆኖ ይታያል። ጥሩዬ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ አየሩን ወደ ውስጥ ሳበችው። ወደ አገሯ ስትቃረብ ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጋለች።

ዓርብ፣ ረፋድ፤ ዳንግላ

የሠርጉን ድንኳን የምንጭነው ከዳንግላ ነው። ድንኳኑ ግን በትናንቱ ዝናብ ርሶ አጥር ላይ ተሰጥቷል። ባለድንኳኑ፣ ቆብ የደፋ ቀልደኛ ሰውዬ፣ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ አሳየን።

“እርጥቡን ጠቅልዬ ብሰጣችሁ ሙሽሮቹ ሻጋታ ሲያሸቱ ሊውሉ ነው። ፀሐይ ትንሽ ይምታው።”

ምርጫ የለንም። ሃምሳው ገና አልወጣምና ዓርብም ቢሆን በቅቤ የራሰ ፍርፍር በላን፣ ሻይ ጠጣን፣ ጋሪዎችና ባጃጆች መንገድ ሲሻሙ እያየን ቆየን። ሰዓቱ አልገፋ ሲለኝ መኪናዋን መወልወል ጀመርሁ። ባለድንኳኑ መጥቶ ፓውዛዎቹን በጣቱ መታ መታ አደረጋቸው።

“እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው? ላም ሊያሳድዱ ነው?”

“ላብራልህና እይ” አልሁት።

ማብሪያውን ክሩስኮቱ ላይ፣ ሾፌሩ ፊት ባለው ሰሌዳ፣ ከመሪው በስተቀኝ ነው የገጠምሁት፤ ትንሽ፣ ጥቁር፣ ተጫን ሲሉት ቀጭ የሚል። ተጫንሁት። በጠራራ ቀን እንኳ የፊት ለፊቱ የቆርቆሮ አጥር ነጣ። የሱቅ ሰዎች ወጥተው አዩ፤ አንዱ ዓይኑን በእጁ ጋረደ። አድናቆቱ ሞቀኝና ሳላጠፋው ወሬ ጀመርሁ። ስንት ሜትር እንደሚያሳይ፣ በጭጋግ እንዴት እንደሚያዋጣ፣ ገመዱን እንዴት እንደሳብሁት ሁሉ ተረክሁላቸው።

“ምንድን ነው የሚሸተው?” አለች ጥሩዬ ከውስጥ።

እውነትም የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ጣቴን ማብሪያው ላይ ሳሳርፍ ፈጀኝ። ስጫነው ወዲያው አልጠፋም፤ ደግሜ፣ አጥብቄ ስጫነው ጠፋ።

“አዲስ ስለሆነ ነው” አልሁ። “አዲስ ነገር መጀመሪያ ላይ ይሸታል።”

ባለድንኳኑ አንገቱን ነቀነቀ። አመነኝ። ክሩስኮቱን ፈትቼ ለማየት ጊዜ ነበረኝ፤ ድንኳኑ ገና ይንጠባጠብ ነበር። አላየሁም። ያን ሁሉ ሰው አጠገቤ አቁሜ፣ ራሴ የገጠምሁትን መፍታት አሳፈረኝ።

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ፤ እንጅባራ

ድንኳኑን ጭነን ከዳንግላ የወጣነው ቀኑ ከተጋመሰ በኋላ ነው። አዲስ ቅዳም አካባቢ መንገዱን ግራና ቀኝ የዲከረንስ ዛፍ እንደ ሰልፈኛ ተሰልፎበታል። ከዛፉ መሀል የከሰል ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ አፉ በቅጠል የተደፈነ የከሰል ጆንያ አስፋልቱ ዳር ቆሞ መኪና ይጠብቃል። እንጅባራ ስንገባ ጉሙ ወርዶ የከተማዋን ጣሪያ ነክቷል። ሰዉ ሁሉ ጋቢ ለብሷል። መናኸሪያው አጠገብ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ በላን፤ ትኩስ ድንች እጅ ለእጅ እየተቀባበሉ መብላት ለዚህ ብርድ የተፈጠረ ነው።

የጥሩዬ ስልክ ጠራ። አባቷ ናቸው፤ አባባ ፈንታ። ከእሷ ጋር የሚያወሩት በአዊዎች ቋንቋ፣ በአውኝ ነው፤ እኔ ጎንደሬው ከቋንቋው ስም በቀር አልያዝሁም። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ በርቶ ነበር።

“ጋሽ አለነ ሊቀበሉን በፈረስ ወጥተዋል።”

ጋሽ አለነ የአባቷ ታናሽ ወንድም ናቸው። ጥሩዬ ትንሽ ልጅ ሳለች ጅረቱ በሞላ ቁጥር በፈረስ እያሻገሩ ትምህርት ቤት ያደረሷት እሳቸው ናቸው። በዚያ አገር ሙሽራ ሲወጣ ፈረሰኛ ያጅበዋል፤ ፊት ሆኖ የሚመራ አንድ ሰው ደግሞ አለ። የእነ ጥሩዬን ዘመዶች ሠርግ ሁሉ የመሩት ጋሽ አለነ ናቸው። እሑድም የደሳለውን ሊመሩ ነው። ፈረሳቸው ቦራ ይባላል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ዳማ ፈረስ። ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ራሳቸው ነው ያሳደጉት። ጥሩዬ እንደምትለው አለንጋ ይዘው ይቀመጡበታል እንጂ አንድ ቀን እንኳ አሳርፈውበት አያውቁም።

እኔ ግን ሌላ ነገር እያሰብሁ ነበር።

“ጥሩዬ፣ አስቢው እስቲ። ጭጋግ፤ ከጭጋጉ መሀል ፈረሰኞች ብቅ ሲሉ፤ ልክ በዚያች ቅጽበት ፓውዛውን ሳበራው! እንዲህ ያለ ፎቶ ማን አለው?”

“ፈረስ ላይ መብራት አይበራም” አለች።

“ለአንድ አፍታ ነዋ። አበራለሁ፣ አነሣለሁ፣ አጠፋለሁ።”

እጇን ጠርጋ ወደ መኪናዋ ገባች።

ዓርብ፣ ምሽቱ ሲይዝ፤ ግምጃ ቤት መግቢያ

ከእንጅባራ በኋላ መንገዱ ኮረኮንች ነው። ዝናቡ ሲያካፋ፣ ጭጋጉ ሲወፍር፣ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ከነአህዮቻቸው ከጉሙ እየወጡ ጉሙ ውስጥ ሲገቡ በዝግታ ነዳሁ። ከከተማዋ መግቢያ ወዲህ፣ አንዲት ቁልቁለት ግርጌ፣ ፈረሶቹን አየኋቸው። ሦስት ናቸው። መሀል ያሉት ጋሽ አለነ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ቦራ አንገቱን ቀልሶ በዝግታ ይራመዳል፤ የልጓሙ ጌጥ በእርምጃው ልክ ይንጫጫል።

መኪናዋን አቆምሁ። ስልኬን በግራ እጄ አነሣሁ። በቀኝ እጄ ማብሪያውን ተጫንሁ።

ፈረሶቹ ከነጠብጣባቸው፣ ከነትንፋሻቸው ወለል ብለው ታዩ። ዝናቡ እንደ ብር ክር ሆነ። አነሣሁ። ወዲያው ማብሪያውን ተጫንሁት፤ አልጠፋም። ደግሜ ተጫንሁት፤ እንደ ቀለጠ ሰም ወደ ውስጥ ሰመጠ። ለሦስተኛ ጊዜ ስጫነው ቦራ በኋላ እግሮቹ ቆሞ ነበር።

“አጥፋው! አጥፋው!” የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ቁልፉን አዞርሁ። ሞተሩ ጠፋ፣ መብራቱ ግን አልጠፋም፤ በቀጥታ ከባትሪው ነው የሳብሁት። ቦራ ወደ ጎን ዘለለ፣ ጋሽ አለነ ከኮርቻው ተነቅለው መንገዱ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ በጀርባቸው ወደቁ። ጋቢያቸው ጭቃ ሆነ፣ አንዱ ጫማቸው ወለቀ። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ቆመ። ፓውዛዎቼ ደግሞ ቀጥ ብለው ሽማግሌው ላይ ያበራሉ። የተጋለጠ እግራቸውን፣ ለመነሣት ሲውተረተሩ፣ እጃቸው ከጭቃው ሲያዳልጥ፣ ደግመው ሲቀመጡ፣ ሁሉንም ያሳያሉ። እኔ መሪ ጨብጬ ተቀምጫለሁ። ጥሩዬ በሩን ከፍታ ወርዳ ሮጠች።

ሰው ተረባርቦ አነሣቸው። ምንም አልተሰበሩም፣ እግዜር ይመስገን። ግን ቀና ብለው ዙሪያቸውን የቆመውን ሕዝብ ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። ቦራን ልጓሙን ይዘው በአለንጋ መቱት። ደገሙት። ፈረሱ ዓይኑን እያርገበገበ ወደ ኋላ ሳበ፤ ከሁለቱ ወጣት ፈረሰኞች አንዱ፣ የሌላ ወንድማቸው ልጅ አንማው፣ እጃቸውን ያዛቸው።

ከዚያ አንማው በተቆጣ ፊት ወደ እኔ መስኮት መጣ።

“ምነው? አጥፋው ስንልህ ለምን አላጠፋህም?”

እውነቱን ለመናገር አፌን ከፈትሁ። የወጣው ግን ይሄ ነው፦

“ቦይ ውስጥ ስለወደቁ፣ ለማንሣት እንዲታያችሁ ብዬ ነው።”

የአንማው ፊት ለሰለሰ። “እውነትህን ነው ለካ” አለ። “መብራቱ ባይኖር በጨለማ እንዳክር ነበር። እግዜር ይስጥህ።” ዘወር ብሎም ለሰዉ በአውኝ ነገራቸው። አንዲት እናት ከዘንቢላቸው ጋር ጎንበስ ብለው አመሰገኑኝ።

ሁሉም ጋሽ አለነን ከብቦ ወደ ፊት ሲሄድ ኮፈኑን ከፍቼ ገመዱን ከባትሪው ላይ በጣቴ መነጨቅሁት። ጣቴ ተቃጠለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጮህ ነበር።

ዓርብ፣ ራት ላይ፤ አማቶቼ ቤት

የጋሽ አለነን ጋቢ አጥበው እሳት ዳር ሰቅለውታል። እሳቸው የሰው ጋቢ ለብሰው ጥግ ተቀምጠዋል። ዘመድ እየገባ “እግዜር አተረፈዎ” ይላል፤ ወጣቶቹ ደግሞ በር ላይ እየተንሾካሾኩ ይሥቃሉ። ሲነገርለት የኖረው ፈረሰኛ ከቆመ ፈረስ ላይ ወደቀ፤ ለዚያ መንደር ይሄ የዓመት ወሬ ነው።

አባባ ፈንታ ጠላ ሲቀዳ ብርጭቆውን ለእኔ አስቀደሙልኝ።

“ለመብራቱ። ልጄ፣ አንተ ባትኖር ወንድሜን በምን እናየው ነበር?”

ተቀበልሁ። ጠጣሁ። ጠላው ጥሩ ጠላ እንደነበር አልጠራጠርም፣ እኔ ግን አንድ ጉንጭ እንኳ በወግ አልወረደልኝም። ጋሽ አለነ ከጥጋቸው ሆነው ለወንድማቸው በዝቅተኛ ድምፅ በአውኝ የሆነ ነገር ተናገሩ። አባባ ፈንታ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አንማው መሬት መሬት አየ። ጥሩዬን “ምን አሉ?” አልኋት። ሁልጊዜ ትተረጉምልኛለች። ያን ምሽት ግን ሳትተረጉምልኝ ተነሥታ እሳቱን ቆሰቆሰች።

ቅዳሜ፣ ጠዋት

ሰው ሳይበዛ መኪናዋ ጋ ሄድሁ። ክሩስኮቱን ፈታሁ። ማብሪያው ከሥሩ ቀልጦ፣ በውስጡ ያሉት ሁለት ትናንሽ መዳቦች እንደተበየዱ ተጣብቀዋል። ወደ እሱ የሚመጣው ቀጭን ገመድ ልባሱ ተኮማትሮ ጠቁሯል። ሁለት ኃይለኛ ፓውዛ የሚስበውን ኤሌክትሪክ በሙሉ በዚያች ጥፍር በምታህል ማብሪያ ውስጥ ነው ያሳለፍሁት። ፊውዝም አላስገባሁበት። ዳንግላ ላይ ስትፈጀኝ እየነገረችኝ ነበር።

ፈረሱ ምንም አላጠፋም። ጋሽ አለነም ምንም አላጠፉም። ይህን ደግሞ በዚያ ግቢ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ወይም እንደዚያ መሰለኝ።

“ለማጥፋት ማብሪያውን ስትጫነው ሰምቻለሁ” አለች ጥሩዬ ከኋላዬ። የሻይ ብርጭቆ ይዛለች። “ሦስት ጊዜ።”

የቀለጠውን ማብሪያ አገላበጥሁት።

“ማታ ምን እንዳሉ ልንገርህ? ‘ፈረሱ እርጅናዬን ከእኔ ቀድሞ አወቀ’ ነው ያሉት። የእሑዱን መሪነት ለአንማው አስረክበዋል። አሁን ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሊያጸድቁት ነው።” ብርጭቆውን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠችው። “እኔ ሰው ፊት አላዋርድህም፤ ባሌ ነህ። ግን አጎቴ ዓይኔ እያየ በሐሰት ሲያረጁ ዝም ብዬ ሠርግ አልበላም። አንተው ታውቃለህ።”

የቀለጠውን ማብሪያ በእጄ እንደያዝሁ ገባሁ። ሽማግሌዎቹ አምስት ናቸው፤ ጋሽ አለነ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። የተነሡልኝን ሰዎች “በእግዜር” ብዬ አስቀመጥሁና ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬ ስለማላውቅ እንዴት እንደሚጀመር አላወቅሁም።

“ትናንት መብራቱን የተውሁት ለማሳየት አይደለም” አልሁ። “አልጠፋ ብሎኝ ነው። እኔ ነኝ አበላሽቼ የገጠምሁት። ያበራሁትም መንገድ ጨልሞብኝ ሳይሆን ፎቶ ለማንሣት ነው። ፈረሱን ያስደነገጥሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ደግሞ ዋሸኋችሁ፤ እናንተም መረቃችሁኝ።”

ማብሪያውን መደቡ ላይ አስቀመጥሁት። አንዱ ሽማግሌ አንሥተው አገላብጠው አዩትና ለጎረቤታቸው አሳለፉት። እንዲህ እያለ ጋሽ አለነ እጅ ደረሰ። ለብዙ ጊዜ አዩት። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ ደስ ባለኝ።

“ትናንት ብትነግረኝ” አሉ፣ በአማርኛ፣ እንዲገባኝ ቀስ ብለው፣ “ቦራን አልመታውም ነበር።”

ማብሪያውን መልሰው አስቀመጡና ወጡ።

በበሩ በኩል አየኋቸው። ከግቢው ጫፍ ቦራ ታስሮበት ወዳለው ዛፍ ሄዱ። እጃቸው ላይ እፍኝ ገብስ ነበር። ፈረሱ ሲያያቸው ጆሮውን ወደ ኋላ አስተኝቶ፣ ገመዱ እስኪወጠር ድረስ ፊቱን አዞረባቸው። እጃቸውን እንደዘረጉ ቆሙ።

ሽማግሌዎቹ ተማከሩ። መሪነቱ ለጋሽ አለነ ይመለስ ተባለ፤ ማንም አልተከራከረም። አባባ ፈንታ ለእኔ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

“በል፣ መብራትህን አስተካክል። እሑድ ሙሽራ ይዘን ስንመለስ ጭጋግ ነው የሚሆነው።”

ነቅዬ ልጥለው ነበር ያሰብሁት። መንቀል ይቀለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ፤ እንጅባራ ደርሶ መልስ

እንጅባራ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ያለችው ሴት “ሪሌ” ስላት መደርደሪያውን ዞር ብላ አየች።

“ለፓውዛ ነው? ከእነመቀመጫው ልስጥህ?”

“ከእነመቀመጫው። ፊውዝም ከነቤቱ። ወፍራም ገመድም።”

“ማብሪያስ?”

“ማብሪያም” አልሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም ጆሮዬ ጋለ።

አንባቢዎቼ፣ በዚያ መልሴ ተማምናችሁ የገጠማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ዛሬውኑ ፍቱት። “ትርፍ ድካም” ያልሁት ነገር ትርፍ አይደለም። ወፍራሙ ገመድ ከባትሪ ተነሥቶ፣ እዚያው ባትሪው አጠገብ በፊውዝ አልፎ፣ ወደ ሪሌው ይገባል፤ ከሪሌው ወደ መብራቶቹ ይሄዳል። ከባዱን ሸክም የሚሸከመው ሪሌው ነው። ክሩስኮቱ ላይ ያለችው ማብሪያ ሪሌውን “ክፈት፣ ዝጋ” ብላ የምታዝዝ ብቻ ናት፤ ስለዚህ አትግልም፣ አትቀልጥም። የማብሪያዋን ቀጭን ማዘዣ ገመድ ደግሞ ከመኪናው ረጅም መብራት ላይ ውሰዱት። ያኔ ሰው ወይም ፈረስ ከፊታችሁ ሲመጣ ወደ አጭር መብራት ስትመልሱ ፓውዛውም አብሮ ይጠፋል። እኔ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አንድ ከሰዓት የሚፈጅ ሥራ ስለነበረ ነው የተውሁት።

ግምጃ ቤት ተመልሼ ግቢው ውስጥ ሠራሁት። ስጨርስ የቀኙ ፓውዛ በደንብ በራ፣ የግራው ግን ደክሞ፣ እየተርገበገበ እንደ ኩራዝ ሆነ። አምፖሉን ለወጥሁ፤ ያው ነው። ገመዱን በመሞከሪያ አምፖል ተከታተልሁ፤ ኤሌክትሪኩ ይደርሳል። ችግሩ መመለሻው ላይ ነበር። ማሳውን፣ ማለት ወደ መኪናው አካል የሚታሰረውን ገመድ፣ ቀለም የተቀባ ብረት ላይ ነው ያሰርሁት። ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፋቅሁ፣ ብሎኑን አጠበቅሁ፣ ሁለቱም እኩል በሩ። ከዚያ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር እያልሁ ሞከርሁት። ባጠረ ቁጥር ጠፋ። እሺ ይላል አሁን። ሰው ሲያልፍ እያየኝ ስለነበር ቶሎ ኮፈኑን ዘጋሁት።

ጋሽ አለነ በዚያ በኩል ሣር ተሸክመው ሁለት ጊዜ አለፉ። አላዩኝም ማለት አይቻልም። ሣሩን ቦራ ፊት አስቀምጠው ራቅ ብለው ይቆማሉ። እሳቸው እስኪሄዱ ፈረሱ አይነካውም።

እሑድ፤ ከግምጃ ቤት ወደ ሙሽራዋ አገር

የሙሽራዋ መንደር ወደ አዘና በሚወስደው መንገድ ነው። ጠዋት ላይ ሰማዩ ጠራ። ፈረሰኞቹ በሰልፍ ቆሙ፤ ኮርቻው በቀይና በቢጫ ልብስ አጊጧል፤ ሆታው ግቢውን ሞላው። ጋሽ አለነ የታጠበውን ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ። ለቦራ ኮርቻ ጭኖለት የነበረው አንማው ነው። እግራቸውን እርካብ ላይ ሲያደርጉ ፈረሱ ተንሸራተተ። ደግመው ሞከሩ። ቆዳው ተንቀጠቀጠና እንደገና ሸሸ።

አንማው ከራሱ ፈረስ ወረደ። “ጋሼ፣ የእኔን ይውሰዱ።”

“ቦራ ካልተሸከመኝ በእግሬ እመራለሁ” አሉ።

ልጓሙን ይዘው ፊት ፊት መራመድ ጀመሩ። ያ ሁሉ ፈረሰኛ በእግረኛ እርምጃ ከኋላቸው ተከተለ። ሙሽራው ደሳለው ከእኔ ጋር መኪና ውስጥ ነው፤ በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን ከፈረሶቹ ኋላ እንሄዳለን። መንገዱ ዳር የወጣው ሰው ያየውን አላመነም።

“ምነው ጋሽ አለነ? በእግርዎ?”

“ፈረሱ ተቀይሞኛል።”

ትንሽ ሄድ ብለን ደግሞ ሌላ ሰው ጠየቀ። “ምን ሆነው ነው?”

“ቦራ ተቀይሞኝ ነው።”

መስኮቱ ክፍት ነው፣ መንገድ ዳሩም ከአውኝ ይልቅ አማርኛ ያበዛል፤ ሁሉንም እሰማለሁ። ሰዎቹ ይሣሣቃሉ፣ የዓርቡን አወዳደቅ ያነሣሉ፣ እርጅና ነው ይባባላሉ። ሽማግሌዎቹ እውነቱን ያውቃሉ፤ መንገዱ ዳር ያለው ሕዝብ ግን የሚያውቀው ቦይ ውስጥ ያየውን ብቻ ነው። ጋሽ አለነ አንድም ጊዜ መብራት የሚል ቃል አልወጣቸውም፣ አንድም ጊዜ ወደ ኋላ ዞረው መኪናዋን አላሳዩም። አንድ ሰው ቢያወግዘኝ እሸከመው ነበር። ጥፋቴን መሸፈናቸው ነው መቀመጫዬን እሾህ ያደረገብኝ።

መኪናዋን አቆምሁ።

“ጥሩዬ፣ ንጂ።”

ምንም ሳትጠይቀኝ ወደ መሪው ተሻገረች። እኔ በሠርግ ጫማዬ ጭቃውን እየረገጥሁ፣ በፈረሶቹ ጎን ሮጬ ጋሽ አለነ ዘንድ ደረስሁ። ቦራ ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ፤ እሳቸው አልመለሱም። ጎን ለጎን ሄድን።

አንድ የቀርከሃ አጥር ሥር ምርኩዝ የያዙ በጣም ያረጁ ሰው ቆመዋል። ቤተሰባቸው ሰልፉን እንዲያዩ ወንበር አውጥቶላቸዋል፤ እሳቸው ግን ጋሽ አለነን በእግር ሲያዩ ከወንበሩ ተነሥተው ነው የቆሙት።

“አለነ! ምን ሆነህ ነው በእግርህ?”

ጋሽ አለነ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቀደምሁ።

“እኔ ነኝ አባባ። ፈረሱን በመኪና መብራት ያስደነገጥሁባቸው እኔ ነኝ።”

ሽማግሌው ወደ እኔ አዩ፣ ከዚያ ወደ ጋሽ አለነ። ሰልፉ ከኋላችን ቆመ።

ጋሽ አለነ ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አዩኝ።

“ጮክ በል” አሉኝ። “ጆሯቸው ከብዷል።”

ዙሪያዬን አየሁ። ፈረሰኛው፣ አጃቢው፣ ከየቤቱ የወጣው ሁሉ እዚያ ነው፤ ሆታውም ምን ተፈጠረ ብሎ ጸጥ ብሏል። አየር ሳብሁና በዚያ ጸጥታ ውስጥ በሙሉ ድምፄ ጮህሁት፣ ከፎቶው እስከ ውሸቱ። ሽማግሌው ሁሉንም አዳመጡ፤ ሲያበቃ ራሳቸውን ነቅንቀው “እለፉ” አሉን።

ጋሽ አለነ ልጓሙን ሳብ አደረጉ፤ ሄድን። የሙሽራዋ አጥር እስኪታይ ድረስ መንገዱ ገና ሩቅ ነበር። የጠየቀውን ሰው ሁሉ እኔ መለስሁለት።